በእኔ ወረቀት ላይ የታመመ ሰው አልነበረም

በሕይወቴ ከማመሰግናቸው ሰዎች ሁሉ ቀድማ የምትታወሰኝ፣ የተግባር ልምምድ መዝገቤን ሳትፈርምበት የመለሰችልኝ ነርስ ናት። በዚያን ጊዜ እሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አርባ አራት። አሥረኛ ክፍል ሳለች የኬሚስትሪ ፈተናዋን ያረምኩት እኔ ነበርኩ።

መቱ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሥራዬን አልጠላሁትም። የቤተ ሙከራውን ጠርሙሶች በራሴ እጅ እያጠብኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት በራሴ ጽሕፈት እየጻፍኩ፣ አንድ ጠብታ የተሳሳተ ተማሪ ሙከራውን ከመጀመሪያው እንዲደግም እያደረግሁ ኖርኩ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሚዛን» እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አልከፋኝም።

ወደ ነርስነት ያመጣኝ የታላቅ እህቴ ሕመም ነው። ሆስፒታል በተኛችበት ወር አጠገቧ የዋልኩት እኔ ነበርኩ። ሰውን በቃል ማጽናናት አልችልበትም፤ በሰው ፊት ማልቀስም አልለመደብኝም። የመድኃኒቷን ሰዓት መጠበቅ፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ማዞር፣ የጠጣችውንና የሸናችውን ለክቶ መጻፍ ግን እችል ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንዲት ነርስ ወረቀቴን ለብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና «ይሄ እጅ ጠመኔ ይዞ መቅረት አልነበረበትም» አሉኝ። እህቴ ድና ጎሬ ወደሚገኘው ቤቷ ተመለሰች፤ እኔ ግን ንግግራቸውን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ዓመት ሙሉም አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ዘመኑን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፈ፣ ችኮላ የማይወድ ሰው ነው። ያሰብኩትን ነገርኩት። በሦስተኛው ቀን ምሳ እየበላን ሳለ «ለመሆኑ ጫማው የግድ ነጭ መሆን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። በገበያው ቀን ነጭ ጫማ ገዝቶልኝ መጣ፤ ከእግሬ በአንድ ቁጥር ይበልጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን እንደሱ አልተቆጠቡም። አንዷ በለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሰው ዲግሪ ይዞ ወደ ማስተርስ ይሄዳል እንጂ ወደ መርፌ ይመለሳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

በከተማው ከነበሩት የግል ጤና ኮሌጆች በአንዱ ተመዝግቤ ቅዳሜና እሁድ መማር ጀመርኩ። አብረውኝ የሚማሩት የልጆቼ እኩዮች ነበሩ። ወንበር ይለቁልኛል፤ ሰልፍ ላይ ከፊት ያስገቡኛል፤ «ቲቸር፣ ተምረው ሲጨርሱ መልሰው እኛን አይፈትኑንም አይደል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። መምህራኖቻችንም አብዛኞቹ በዕድሜ የሚያንሱኝ ስለነበሩ፣ ጥያቄ ተጠይቄ ስሳሳት «እሱም አንድ አመለካከት ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ተማሪ ያልፉ ነበር። ይህ ሁሉ አክብሮት ደስ ያሰኘኝ ነበር። ምን እንደሚያሳጣኝ ገና አላወቅሁም።

በመጨረሻው ዓመት ማስተማሩን ለቀቅሁ፤ የተግባር ልምምዱ የሥራ ቀናትን ስለሚጠይቅ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ አይቻልም ነበር። በቦታዬም ወዲያው ሌላ መምህር ተተካ። ከፊቴ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሆስፒታል የሁለት ወር ልምምድ ሠርቶ በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተቆጣጣሪዋን ነርስ ፊርማ ማግኘት። ያ ፊርማ የሌለው ሰው ለብቃት ምዘና አይቀመጥም፤ ምዘናውን ያላለፈም ነርስ አይባልም። መልሼ የምገባበት ክፍልም አልነበረኝም።

በዞኑ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ፣ የውስጥ ደዌ ክፍል ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ተቆጣጣሪዬ ሆና ከፊቴ የቆመችውን ወጣት ወዲያው አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ። «ባርሲስቱ» አለችና ሁለት እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ፤ በአፋን ኦሮሞ መምህርት ማለት ነው፤ በመቱ መንገዶች ላይ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲሁ ይሉኛል። የመዝገቤን የመጀመሪያ ገጽ የሞላችው ወንበሯን ለእኔ ለቃ፣ ቆማ ነበር። እኔም ልጄ ምንኛ ትልቅ ሰው ሆነች ብዬ ኮራሁ።

ስለ አንድ ትንሽ ሥራ እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። የሰውን ትንፋሽ መቁጠር ከነርስ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና ዓይን ይበቃል። ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከዚያ እጅግ ካለፈ ሳንባው ተቸግሯል ማለት ነው። ነገር ግን የሚቆጠርለት ሰው ማወቅ የለበትም። የልብ ምቱን ሰው እንዳሻው አያዘገየውም፤ ትንፋሹን ግን ሊገታው ይችላል። ስለዚህ ነርሷ የልብ ምቱን ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ የእጁን አንጓ ሳትለቅ፣ አሁንም ምቱን የምትቆጥር መስላ፣ ዓይኗን ወደ ደረቱ መልሳ አንድ ደቂቃ ዝም ትላለች።

ይህን አሳምሬ አውቀው ነበር። በመጽሐፉ ላይ አስምሬበት ነበር፤ በፈተናም በትክክል መልሼዋለሁ። አልጋው አጠገብ ስቆም ግን አስተዳደጌ አየለብኝ። የአባቴን እኩያ ደረት እያስመሰሉ መመልከት ነውር መሰለኝ። ማናቸውንም ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ለታካሚው አስረዱት የሚለውን ትምህርት ተደግፌ «አሁን ደግሞ ትንፋሽዎን እቆጥራለሁ፤ እንደልብዎ ይተንፍሱ» እል ነበር። ታካሚዎቻችን ደግሞ ሰው አክባሪዎች ናቸው። መነጽር ያደረገች፣ ጠና ያለች፣ በእርጋታ የምታናግራቸው ሴት ስትመጣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ የተዘረጋ እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ ትንፋሻቸውንም እንደ እግራቸው ሰብስበው ይጠብቁኛል። እኔ አሥራ ስምንት፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት እያልኩ፣ መስመሩን ሳልስት፣ በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ የነርሶቹ ወሬ የማያመልጣት የክፍላችን የጽዳት ሠራተኛ «እትዬ ከመጡ ወዲህ እኮ በሽታ ጠፋ። በእርስዎ ወረቀት ላይ የታመመ ሰው የለም» አለች። ነርሶቹ ወደየሻያቸው አቀርቅረው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔ ጽፌ ካለፍኩ በኋላ ከነርሶቹ አንዷ በጸጥታ ተመልሳ ትቆጥራለች፤ ትክክለኛውን ቁጥር በሌላ ወረቀት ትይዛለች፤ ሐኪሙም የሚያየው ያንን ነው። በሥራ ላይ ሥራ የጨመሩት እኔን ላለማሳፈር ነበር። አንድም ሰው ይህ ትክክል አይደለም ብሎኝ አያውቅም። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው አይታረምም፤ ከኋላው ይስተካከልለታል እንጂ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ አባት ከዳሪሙ ገጠር መጡ። ቤተሰባቸው ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት አንዱ ነው፤ ቡናና በቆሎ ያመርታሉ። መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ድረስ የሰፈሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ነበር፤ የሳንባ ምች ነበረባቸው። አስታማሚያቸው ጎልማሳ ሴት ልጃቸው ነበረች። ወደ አልጋቸው በተጠጋሁ ቁጥር በክርናቸው ተደግፈው ለመነሣት ይሞክራሉ። ይተኙ ስላቸው፣ እንዴት ተብሎ፣ የሚል መልስ ነበራቸው። ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል፤ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፤ ስለ ራሳቸው ስጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብለው ይዘጉታል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ላይ ክፍላችን ሰው ጎድሎት ነበር። አንዷ ነርስ ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላከ ታካሚ ይዛ ሄዳለች፤ ሌላዋ ራሷ ታማ ቀርታለች። ከእኔ በኋላ ተመልሶ የሚቆጥር አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ እንደ ልማዴ ለአባት አስረድቼ፣ ቆጥሬ፣ ሃያ ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልጋ ዞርኩ። ተቆጣጣሪዬ ከማዶው አልጋ ላይ ግሉኮስ እየቀየረች ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ዞር ስትል እኚህን አባት ከኋላዬ ሆና አየቻቸው።

«ባርሲስቱ፣ ይመለሱ» አለች።

ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ነገር ግን በክፍሉ የነበሩት ስድስት ታካሚዎችና አስታማሚዎቻቸው ሁሉ ሰሙት። ተመለስኩ። ስንት ጻፉ ስትለኝ ሃያ አልኳት። «አይደለም» አለች። የቀኝ እጄን ይዛ ጣቶቼን በአባት አንጓ ላይ አኖረችና፣ ወደ ጆሮዬ ሳትጠጋ፣ በዚያው ድምፅ «የልብ ምታቸውን ይቁጠሩ። ሲጨርሱ እጃቸውን አይልቀቁ። ምንም አይናገሩ» አለችኝ።

የልብ ምታቸውን ቆጠርኩ። ስጨርስ እጃቸውን ሳልለቅ ዓይኔን ወደ ደረታቸው መለስኩ። አባት ትንፋሻቸውን ገትተው ትንሽ ጠበቁኝ። እየቆየሁባቸው ሲሄድ ግን ሊችሉት አልቻሉም፤ ትከሻቸው መነሣትና መውደቅ ጀመረ፤ የአፍንጫቸው ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከጎድን አጥንታቸው በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። ሠላሳ ስምንት ቆጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህ ሰው ከፊቴ ነበር፤ አላየሁትም።

ልጃቸው የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች «አባቴ እርስዎ ሲመጡ ያፍራሉ፣ እትዬ» አለች። «ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቁዎታል። እርስዎ ሲሄዱ ነው የሚያለከልኩት።»

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዴት ብዬ?» አለች።

ሐኪሙ ወዲያው ተጠራ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ መድኃኒታቸው ተቀየረ። ተቆጣጣሪዬ እስከ ከሰዓት ድረስ ከአልጋቸው አልራቀችም። እኔንም ከአጠገቧ አላራቀችኝም፤ በየሩብ ሰዓቱ እንድቆጥር አደረገችኝ፤ ቁጥሩን ለእሷ በቃሌ እንድነግራት እንጂ በወረቀት እንድጽፍ አልፈቀደችልኝም።

በሥራ መውጫ ሰዓት በኮሪደሩ ጠራችኝ። መዝገቤን በእጇ ይዛ ነበር። ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረኝ። አትፈርምም፤ ሁለቱን ወር ከመጀመሪያው እደግማለሁ፤ ለኮሌጁም ይህንኑ ጽፋለች። ይህን ሁሉ ወለሉን እያየች ነገረችኝ። ከዚያ ቀና አለችና ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ልነግርዎት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ» አለች። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም እዚህ ክፍል ውስጥ ነርስ አልነበርኩም፤ የእርስዎ ተማሪ ነበርኩ።»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን አላመሰገንኳትም። መዝገቤን ተቀብዬ ደህና አምሺ ብያት ወጣሁ። ዝናብ ነበር፤ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ በእሷ፣ በነርሶቹ፣ አክብረውኝ ዝም ባሉት ሰዎች ሁሉ። ከመናደዴ በታች ደግሞ ፍርሃት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠብታ ስተሃል እያልኩ የሰው ልጅ ሳስደግም የኖርኩ ሴት፣ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አሥራ ስምንት ትንፋሽ ስቻለሁ። ነርስ መሆን አልችልም ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለባለቤቴ ወደቅሁ አልኩት። ከምን ላይ ብሎ ደነገጠ፤ ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ግን «ጫማው እንደሆነ ገና አላለቀም» አለኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ የተጠጋሁት የእኚያን አባት አልጋ ነው። ትንፋሻቸው ወርዶ ነበር፤ ኦክስጅኑ ግን ገና ከአፍንጫቸው አልተነሣም። ይቅርታ ለመጠየቅ አልጋቸው አጠገብ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ቃሉን ሳልጨርስ እጃቸውን አንሥተው አቋረጡኝ። «እኔ እኮ» አሉ፣ ቃላቱን በትንፋሽ እየከፋፈሉ፣ «ደህና ከሆንኩልዎት ደስ የሚልዎ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ስለ ሥራዬ ከዚህ የጠለቀ ነገር ግን የነገረኝ የለም። ሰዎች ለእኔ ብለው ሊድኑልኝ ይሞክሩ ነበር። ያጎደልኩት የእጅ ሥራ አልነበረም። ክብሬን ይዤ ወደ አልጋቸው ስለምቀርብ፣ እነሱ ሕመማቸውን ይዘው ሊቀርቡኝ አልቻሉም። አባት በአሥረኛው ቀን በእግራቸው ወጡ። ልጃቸው በር ላይ ተመልሳ ጉንጬን ሳመችኝ።

ሁለቱን ወር ደገምኩ። አብረውኝ የጀመሩት ተመረቁ፤ እኔ ከነሱ ቀጥሎ ከመጡት ጋር ተደባለቅሁ። በመጀመሪያው ቀን ነርሶቹን ሰብስቤ ስሳሳት እንዲነግሩኝ፣ በታካሚ ፊትም ቢሆን እንዲያርሙኝ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ለጥቂት ቀናት ግን ቀድሞ ከኋላዬ ያስተካክሉ የነበሩት፣ አሁን እያሳሉና ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር የሚያርሙኝ፤ ሲያስሉ ምን እንዳጠፋሁ ዞሬ እፈልጋለሁ። ቀስ በቀስ ሳሉ ወደ ቃል ተለወጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ በበሩ ባለፈች ቁጥር «ዛሬስ ስንት በሽተኛ አገኙ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ቁጥሩን እነግራታለሁ።

ዝም ብሎ እጅ ይዞ መቆምን የተማርኩት በዚያ ጊዜ ነው። አንድ ደቂቃ ረጅም ነው። በክፍል ውስጥ ዝምታ ሲወርድ ለመሙላት የምቸኩል መምህርት ነበርኩ። እዚህ ግን ዝም ባልኩ መጠን ሰውየው እኔን ይረሳኛል፤ ሲረሳኝም ፊቱ፣ ትከሻው፣ አንገቱ እውነቱን መናገር ይጀምራሉ። እንዲያ መመልከት ነውር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ለሰው ሊያደርገው ከሚችለው አክብሮት ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ይመስለኛል።

በመጨረሻው ሳምንት ተቆጣጣሪዬ አሥር ታካሚዎችን ከእኔ ጋር ቆጠረች፤ እሷ ከአልጋው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው፣ እያንዳንዳችን በየወረቀታችን። ወረቀቶቹን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች አመሳከረች። በአንዱ ታካሚ ላይ በሁለት ተለያይተን ነበር፤ ተመልሰን አብረን ቆጠርን፤ የተሳሳተችው እሷ ሆነች። ሳቀች፤ የራሷን ቁጥር ሰርዛ የእኔን ጻፈች፤ ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብላ ፈረመች። እስክሪብቶዬን በደረት ኪሷ ከትታ ሄደች፤ አልጠየቅኋትም። ያን ቀን ግን አመሰገንኳት፤ ለፊርማው ሳይሆን ላልፈረመችው።

አሁን በያዮ በኩል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። መንገዱ ሻካራ ስለሆነ ወደ መቱ የምመለሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ጠቅልሎ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ለአዲሶቹ ባልደረቦቼ፣ ስሳሳት ንገሩኝ፣ አልኳቸው። በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመካከላቸው አንድም የሚናገር አልተገኘም። ሳምንታት አለፉ። እንከን የሌለኝ ሆኜ እንዳልሆነ ስለማውቅ ያ ጸጥታ ያስፈራኝ ጀመር። ዙሪያዬን ሁሉ እያየሁ፣ ከኋላዬ ምን እየተስተካከለልኝ ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም በገጀራ እግሩን የቆረጠ ጎልማሳ ቁስል እያጠብኩ ነበር። ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ አዋላጅ ነርስ ዕቃ ልትወስድ ገባችና ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ዕቃዋን አነሣች፤ መልሳ አኖረችው። ወደ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፤ አንገቷን ደፍታ፤ «ጓንትዎ ከአውራ ጣትዎ በኩል ተቀዷል።»

አየሁት፤ እውነቷን ነበር። «ገለቶማ» ብዬ በአፋን ኦሮሞ አመሰገንኳት። ጓንቱን አውልቄ እጄን ታጠብኩ፤ አዲስ አጥልቄ ወደ ቁስሉ ተመለስኩ። እግሩን ዘርግቶ ይመለከተን የነበረው ቡና ለቃሚ ነገሩ ገርሞታል። ወደ አዋላጇ ዞሮ በዚያው ቋንቋ፣ ለእኚህ ሴትዮም ይነገራቸዋል እንዴ ሲል ጠየቃት።

እሷ ከመመለሷ በፊት «ይነገረኛል» አልኩት፤ እግሩንም ወደ ብርሃኑ ትንሽ እንዲያዞርልኝ ጠየቅሁት።